በሩ ላይ የቆሙት፦ የፀረ ዘረኝነት ኮንሰርትና በጎ ፈቃደኞቹ

የፀረ ዘረኝነት የሙዚቃ ዝግጅት ሲነሣ በሰው ዓይነ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው መድረኩና ዘፋኙ ነው። በመድረኩ ዙሪያ ግን ሌላ ብዙ ሰው አለ፤ ፖስተር የሚለጥፍ፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቀበል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጋ፣ የጠፋ ሕፃን ከእናቱ የሚያገናኝ፣ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮና ወረቀት የሚለቅም። ይህ ሰው አይከፈለውም፤ ስሙም በፖስተሩ ላይ አይወጣም። የዛሬው ንግግር ስለ እርሱ ነው።

የንግግሩ ዓላማ እንዲህ ያለው ኮንሰርት ምን እንደ ሠራ ለማወቅ ከዘፈኑ ይልቅ የበጎ ፈቃደኞቹን ሥራ መመርመር እንደሚበጅ፣ ከሥራቸውም ሁሉ የበር ላይ ሥራ እንደሚከብድ ማሳየት ነው። ለዚህ የተመረጠው ምሳሌ «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም»፣ በአማርኛ «ሮክ በዘረኝነት ላይ» ሊባል የሚችለው፣ በ1976 በእንግሊዝ የተነሣው እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያ አጀማመሩ ይነገራል፤ ቀጥሎ ኤፕሪል 30 ቀን 1978 በምሥራቅ ለንደን የዋለው ትልቁ ቀን፤ ከዚያ እንቅስቃሴው የተወቀሰበትና የተፈተነበት ጉዳይ፤ በመጨረሻም ሥራው ራሱ ዛሬ ለሚሠራው ሰው ምን እንደሚመስል። የዘመን ቁጥሩ፣ ዓ.ም. ካልተባለበት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን የጫረው አንድ የመድረክ ላይ ንግግር ነው። ኦገስት 5 ቀን 1976 በበርሚንግሃም ከተማ፣ ኦዲዮን በተባለው አዳራሽ፣ ስመ ጥሩው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን ጠጥቶ መድረክ ላይ ወጣና የውጭ አገር ሰዎች ከእንግሊዝ ይውጡ እያለ ተናገረ። ፖለቲከኛው ኢኖክ ፓወል ትክክል ነውና ደግፉት አለ። ፓወል በ1968 እዚያው በርሚንግሃም ላይ የጥቁሮችና የእስያውያን ስደት አገሪቱን ደም ያፋስሳል ብሎ የተናገረ፣ በዚሁም ምክንያት ከፓርቲው የአመራር ቦታ የተነሣ ሰው ነው። ክላፕተን ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን የብሉዝ ሙዚቃ ተምሮ ያደገና የከበረ ሙዚቀኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊትም በቦብ ማርሌ ዘፈን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። የበሉበትን ወጭት መስበር ማለት ይህ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱም በተናገረው እንደሚያፍር ገልጿል።

ሬድ ሳውንደርስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺና ሮጀር ሃድል የተባለ ወዳጁ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ጻፉ። በሙዚቃው ዓለም የገባውን ዘረኝነት ከታች ከተራው ሰው ጀምሮ የሚታገል እንቅስቃሴ ለማቋቋም እንዳሰቡ ገልጸው፣ አብሮ መሥራት የሚፈልግ እንዲጽፍላቸው ጠየቁ፤ የፖስታ አድራሻም ሰጡ። መልሱ በመቶዎች ተቆጥሮ መጣ። የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ሀብት እነዚህ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ገንዘብም አዳራሽም ከመገኘቱ በፊት የሰው ስም ዝርዝር ተገኘ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። በዚያው በ1976 ቦብ ማርሌ «ዋር» የተባለውን ዘፈን «ራስታማን ቫይብሬሽን» በሚለው አልበሙ አወጣ። የዘፈኑ ቃል በአብዛኛው የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ካደረጉት ንግግር ነው። ክላፕተን በበርሚንግሃም በተናገረበት ዓመት፣ በእንግሊዝ ከተሞች የሬጌ አድማጮች ቤት ይሰማ የነበረው የዘር እኩልነት ቃል መጀመሪያ የተነገረው በአማርኛ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህን እንቅስቃሴ ታሪክ እንደ ባዕድ ታሪክ ሊያነበው አይገባም።

ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች የሚታገሉት የአንድ ሰካራም ሙዚቀኛ ቃል ብቻ አልነበረም። በ1967 የተቋቋመው ናሽናል ፍሮንት የተባለው የዘረኞች ፓርቲ ነጭ ያልሆነውን ሁሉ ከአገር የማስወጣት ዓላማ ይዞ በየሰፈሩ ሰልፍ ይወጣ ነበር። በጁን 1976 በምዕራብ ለንደን ሳውዝሆል ሰፈር ጉርዲፕ ሲንግ ቻጋር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በስለት ተወግቶ ተገደለ። በ1977 በተደረገው የለንደን ምክር ቤት ምርጫም ናሽናል ፍሮንት ወደ 119,000 ድምፅ አገኘ።

የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ዝግጅት የተደረገው በኖቬምበር 1976 በምሥራቅ ለንደን፣ ፎረስት ጌት በተባለ ሰፈር፣ ፕሪንሰስ አሊስ በሚባል መጠጥ ቤት ነው። ዋናዋ ዘፋኝ ካሮል ግራይምስ ነበረች። ቦታው ትንሽ፣ ነገሩም ትንሽ ነበር። በሩ ግን ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ይህን ለመረዳት ወደ እንግሊዝ ሕግ መመለስ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ በ1965 የወጣው የመጀመሪያው የዘር ግንኙነት ሕግ መጠጥ ቤቶችና ሆቴሎች ሰውን በቆዳው ቀለም እንዳይመልሱ ከለከለ። በ1968 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ሥራንና ቤት ኪራይን ጨመረ። የአባላት ክበባት ግን ከሕጉ ውጪ ሆነው ቀሩ። በዚያ አገር ብዙ ሠራተኛ ምሽቱን የሚያሳልፈው፣ ቢራውን የሚጠጣው፣ ሙዚቃም የሚሰማው በእንዲህ ያሉ ክበባት ነበር። ኢስት ሃም በተባለው ሰፈር አንድ የወግ አጥባቂዎች ክበብ አንድን ሕንዳዊ አመልካች በቀለሙ ምክንያት አባል አላደርግህም ብሎ በመመለሱ ጉዳዩ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1973 ዳኞቹ ክበቡ የግል ስለሆነ ሕጉ አይነካውም ብለው ወሰኑ። በዓመቱ ደግሞ የወደብ ሠራተኞች ስለ ነበሩበት አንድ የሌበር ክበብ ተመሳሳይ ፍርድ ተሰጠ። ቀኙም ግራውም በር ይዘጋ ነበር ማለት ነው። ክፍተቱን የደፈነው ሦስተኛው ሕግ የጸደቀው በኖቬምበር 1976 ነው፤ ፕሪንሰስ አሊስ ውስጥ ያ የመጀመሪያ ዝግጅት በተደረገበት በዚያው ወር። ኢስት ሃምና ፎረስት ጌት ደግሞ በአንድ ወረዳ፣ በኒውሃም፣ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው።

ሕግ በር ያስከፍታል፤ በተከፈተው በር ግን ሰው እንዲገባ የሚያደርገው በሩ ላይ የቆመው ነው። ዘመኑን ሙሉ ከበር ሲመለስ የኖረ ወጣት ሕጉ ተለወጠ ቢሉት በማግሥቱ ተነሥቶ አይሄድም፤ የሚቀበለውን ሰው ፊት ማየት ይፈልጋል። የሮክ አጌንስት ሬሲዝም በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ባንድ በአንድ ምሽት በአንድ መድረክ እንዲጫወቱ ማድረግ የእንቅስቃሴው ደንብ ሆነ፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ አብረው ይጫወቱ ነበር። ፐንክ የሚወደው ነጭ ወጣትና ሬጌ የሚወደው ጥቁር ወጣት ከዚያ በፊት በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ በር ሲገቡ አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ እንዳያይ፣ የሰከረም ነገር እንዳይፈልግ፣ ከውጭ ሊበጠብጥ የመጣም እንዳይገባ የሚጠብቀው ያው በበሩ ላይ የቆመው ነው።

እንቅስቃሴው በየከተማው ራሳቸውን ባደራጁ ቡድኖች ተስፋፋ። አንድ የአካባቢ ቡድን ማድረግ የነበረበት ሥራ ቀላል አይደለም፤ አዳራሽ መከራየት፣ ባንዶቹን ማስማማት፣ ድምፅ ማጉያ መዋስና ማጓጓዝ፣ ፖስተር በሌሊት መለጠፍ፣ የእንቅስቃሴውን ባለ ኮከብ ባጅ መሸጥ፣ በማግሥቱ ሒሳብ መዝጋት። በ1977 «ቴምፖራሪ ሆርዲንግ» የተባለው የእንቅስቃሴው ጋዜጣ ወጣ። ሲድ ሼልተንና ሩት ግሪጎሪ በዲዛይን፣ በምሥራቅ ለንደን ሐኪም የነበረው ዴቪድ ዊጀሪ በጽሑፍ ደክመውበታል። ዊጀሪ በኋላ የእንቅስቃሴውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎ በ1986 አሳትሟል። ማንኛውም የድግስ ቤት ጓዳ ገብቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ዓይነት ሥራ ያውቀዋል። ሠርግ ሲደገስ ነጠላውን አደግድጎ ወጥ የሚያዞረው ጎረቤት፣ በጥምቀት ዕለት በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነጠፈ የሚሮጠው የሰፈር ወጣት ማንም አልቀጠረውም። የሚሠራው ድግሱ የእርሱም ስለሆነ ነው፤ ቀጣሪ ቢኖረው ድግሱ የቀጣሪው ይሆን ነበር። ክፍያ የማይገባበት ምክንያትም በመሠረቱ ከገንዘብ እጥረት ይልቃል። የተቀጠረ ዘበኛ በሩን የሚጠብቀው ለባለቤቱ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው ግን በሩን ሲጠብቅ ቤቱ የእኔ ነው፣ አንተም ግባ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ትልቁ ቀን እንሻገር። ኦገስት 13 ቀን 1977 ናሽናል ፍሮንት በደቡብ ለንደን ሌዊሻም ሰልፍ ለማድረግ ሲሞክር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ አከሸፈው። ከዚህ በኋላ ፀረ ናዚ ሊግ የተባለ ሰፊ ማኅበር ተቋቋመ። ሮክ አጌንስት ሬሲዝምና ሊጉ አብረው ያዘጋጁት የመጀመሪያው ካርኒቫል ኤፕሪል 30 ቀን 1978 ዋለ። ሕዝቡ በለንደን መካከል በትራፋልጋር አደባባይ ተሰብስቦ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ወደ ምሥራቅ ተጓዘና በሃክኒ ቪክቶሪያ ፓርክ ደረሰ። የመንገዱ ምርጫ ትርጉም ነበረው። ናሽናል ፍሮንት ጎልቶ ድምፅ የሚያገኝባቸው ሰፈሮች በምሥራቅ ለንደን ነበሩ፤ አዘጋጆቹ ኮንሰርቱን ከከተማው መካከል ይልቅ እዚያ ወሰዱት።

ከግላስጎውና ከሼፊልድ በአውቶቡስ፣ ከማንቸስተር በባቡር የመጣ ነበር። «ሚስቲ ኢን ሩትስ» የተባለው የሳውዝሆል የሬጌ ባንድ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ እየተጫወተ ከሰልፉ ጋር ሄደ። ፒተር ፍላክና ሮጀር ሎው የተባሉ ሠዓሊዎች የሂትለርንና የናሽናል ፍሮንት መሪዎችን ፊት በግዙፍ የወረቀት ጭንብል ሠርተው ነበር፤ ያንንም ሰዎች ተሸክመው ተጓዙ። ፓርኩ ላይ ኤክስ ሬይ ስፔክስ፣ ስቲል ፐልስ፣ ዘ ክላሽና ቶም ሮቢንሰን ባንድ ተጫወቱ። የኤክስ ሬይ ስፔክስ ዘፋኝ ፖሊ ስታይሪን አባቷ ሶማሊያዊ ናቸው። ስቲል ፐልስም ከበርሚንግሃም የመጣ ባንድ ነው፤ ክላፕተን የተናገረባት ከተማ ልጆች በዚያ መድረክ ላይ መልስ ሰጡ ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው ሕዝብ ከ80,000 እስከ 100,000 ይገመታል።

ፓርኩ ራሱ ታሪክ አለው። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1914 የሴቶችን የምርጫ መብት ለማስከበር ወደዚሁ ፓርክ ሰልፍ ስትመራ ተይዛ ታስራለች። ይህች ሴት ኋላ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በ1936 መሥርታ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው፣ በ1960 አዲስ አበባ ላይ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ናት። የዚህ ምድር ሣር ስለ ፍትሕ የተሰለፈ እግር ሲረግጠው የ1978ቱ የመጀመሪያው አልነበረም።

ስለ በጎ ፈቃደኞች በሚያስብ ሰው ዓይን የዚያ ቀን ትልቁ ጥያቄ ሕዝቡ እንዴት በሰላም ተጉዞ በሰላም ተመለሰ የሚለው ነው። ኮንሰርቱ ነፃ ነበር፤ ትኬት አልነበረም፤ ስለዚህ በሩ መንገዱ ሁሉ ነበር። በየማዕዘኑ ሥርዓት አስከባሪ መቆም አለበት፤ ሰልፉ ሲቆራረጥ የሚያገናኝ፣ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ የሚሳደብን የሚያልፍና የሚያሳልፍ፣ ለአምቡላንስ መንገድ የሚያስለቅቅ፣ ባልዲ ይዞ ለወጪ መሸፈኛ ሳንቲም የሚሰበስብ። መሣሪያ በመድረክ ላይ የሚያድር ከሆነ ጠባቂም ከዋዜማው ጀምሮ ያስፈልጋል። ጉድለት አልጠፋም፤ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ድምፅ ማጉያው አልበቃም፣ ከኋላ የቆሙት ዘፈኑን በቅጡ አልሰሙም። ሰው ግን አልሄደም። ለምን አልሄደም ቢባል፣ የመጣው ለመስማት ብቻ ስላልነበረ ነው፤ ስንት መሆኑን ሊያይ መጥቷል።

ይህን የሚመሰክር አንድ የታወቀ ሰው አለ። ዘፋኙ ቢሊ ብራግ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ በአንድ ቢሮ ይሠራ ነበር። በሥራ ቦታው ዘረኛ ቃል ሲነገር እየሰማ ዝም ይል እንደነበር፣ በዚያ ቀን ፓርኩ ውስጥ ያየው ሕዝብ ግን ብቻውን እንዳልሆነ አሳይቶት ዝምታውን እንዳስተወው ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ይህ ምስክርነት የዚህን ንግግር ሐሳብ በከፊል ይቃወማል፤ አድማጭም ይለወጣልና። ይሁን እንጂ ብራግ ራሱ እንዳለው ያ ቀን መነሻው ሆነ። ከዚያ በኋላ ጊታሩን ይዞ ለሠራተኞች፣ ለአድማ መቺዎችና ለዘረኝነት ተቃዋሚዎች ሲዘፍን የኖረ ሰው ሆኗል። አድማጭ ሆኖ መጣ፣ ሠራተኛ ሆኖ ቀጠለ። ኮንሰርት ለውጥ አመጣ የሚባለው ይህ ሽግግር ሲከሰት ነው፤ ሽግግሩ ደግሞ በራሱ አይከሰትም፣ የሚመዘግብና ነገ ና የሚል ሰው በበሩ አጠገብ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ጉድለት ነው። ካርኒቫሉ በዋለ በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 4 ቀን 1978 ማታ፣ አልታብ አሊ የተባለ የባንግላዴሽ ተወላጅ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ በዋይትቻፕል ተወግቶ ተገደለ። ቦታው ሕዝቡ ከጨፈረበት ፓርክ ሩቅ አይደለም። ሜይ 14 ቀን 7,000 ያህል ሰው የሬሳ ሣጥኑን ተከትሎ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ሄደ። ያን ሰልፍ ያደራጁት የሰፈሩ የባንግላዴሽ ተወላጆች ናቸው። በዚያው ዓመት እሑድ ጠዋት ጠዋት ብሪክ ሌን በተባለው ጎዳና ላይ ናሽናል ፍሮንት ጋዜጣ የሚሸጥበትን ማዕዘን ቀድመው በመያዝ ቁጭ ብለው ከለከሉት። ሙዚቃ አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያም አልነበረም። በየሳምንቱ መምጣት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የለንደን ካርኒቫል ሴፕቴምበር 24 ቀን 1978 በደቡብ ለንደን፣ በብሪክስተን ብሮክዌል ፓርክ ተደረገ። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ መጣ፤ ኤልቪስ ኮስቴሎና አስዋድ ከተጫወቱት መካከል ናቸው። ናሽናል ፍሮንት ግን ያንኑ ቀን መርጦ በምሥራቅ ለንደን ሰልፍ ጠራ። አዘጋጆቹ ካርኒቫሉን ላለመሰረዝ ወሰኑ፤ የተወሰነ ሰው ወደ ብሪክ ሌን ቢላክም የሄደው ጥቂት ነበር። ብዙው ሥርዓት አስከባሪ በፓርኩ ቀረ። የብሪክ ሌን ነዋሪዎች፣ ከአራት ወር በፊት የአልታብ አሊን የሬሳ ሣጥን ተከትለው የሄዱት ሰዎች፣ ደጃቸው ላይ ዘረኞች ሲያልፉ በቂ አጋዥ አላገኙም።

ለአዘጋጆቹ የሚሰጠው መከራከሪያ አለ፤ መቶ ሺህ ሰው የጠሩበትን በዓል ጠላት ቀን በመረጠ ቁጥር ቢያፈርሱ ኖሮ ቀኑን የሚወስነው ጠላት ይሆን ነበር። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ስሕተቱ ስሕተት ነው። በበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ላይ የሚያዝ ሰው ጉልበቱ በዚያች ሰዓት ለማን ደጅ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ነበረበት። በር ጠባቂ የድግሱን በር ብቻ ሲጠብቅ የጎረቤቱ በር ከተሰበረ፣ ጥበቃው ከጉዳዩ ተነጥሎ ለድግሱ ብቻ ሆኗል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ወቀሳ አለ። በእንቅስቃሴው መድረክ ላይ ነጭና የካሪቢያን ዝርያ ያላቸው ሙዚቀኞች ሲበዙ እስያውያን ጥቂቶች ነበሩ፤ የናሽናል ፍሮንት ዱላ የሚያርፍባቸው ግን በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ምሁሩ ፖል ጊልሮይም በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሊጉ ናዚዎችን ብቻ ማውገዙ ትግሉን አጠበበው፤ ፖሊሱ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉና የሥራ ቦታው ዘረኝነት ከዓይን ወጣ ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ክብደት አለው። በጎ ፈቃደኞቹ ከየት ሰፈር እንደመጡ ያልጠየቀ ዝግጅት፣ ማንን እንደረሳ ዘግይቶ ያውቃል።

የሳውዝሆል ፈተና የመጣው በዓመቱ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1979 ናሽናል ፍሮንት ብዙ ሕንዳውያን በሚኖሩበት በሳውዝሆል የከተማ አዳራሽ የምርጫ ስብሰባ ጠራ። ነዋሪው ለመቃወም ወጣ፤ ፖሊስ ሰፈሩን ዘጋ። ያን ቀን ብሌየር ፒች የተባለ፣ ከኒውዚላንድ የመጣ የ33 ዓመት መምህር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። በ2010 ይፋ የሆነው የፖሊስ የውስጥ ምርመራ ሪፖርት የመታው ፖሊስ መሆኑ አይቀርም ይላል፤ የተፈረደበት ሰው ግን የለም። ሚስቲ ኢን ሩትስና ጓደኞቻቸው «ፒፕል ዩናይት» የሚል ስም ሰጥተው ሙዚቃ የሚለማመዱበት ቤት በዚያ ቀን የተጎዱ የሚታከሙበትና የሕግ ምክር የሚያገኙበት ሆኖ ነበር። ፖሊስ ገባ፤ መሣሪያዎቹ ተሰባበሩ፤ የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ክላረንስ ቤከር ክፉኛ ተመትቶ ሕሊናውን ሳተ። ከአንድ ዓመት በፊት በጭነት መኪና ላይ ሆነው የሕዝቡን ሰልፍ በሙዚቃ ያጀቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ቤታቸውን ለተጎዳ የከፈቱት እነርሱ ነበሩ፤ ዋጋውንም ከፈሉ። በጁላይ 1979 በሬይንቦ ቴአትር ዘ ክላሽና ሌሎችም በኤፕሪሉ ተቃውሞ ለታሰሩት የሳውዝሆል ወጣቶች የጠበቃ ወጪ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት አደረጉ። ከሁሉም ኮንሰርቶች ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው ይህኛው ነው፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ለማን እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

በሜይ 1979 በተደረገው ምርጫ ናሽናል ፍሮንት 303 ዕጩዎች አቅርቦ አንድም አላስመረጠም፤ በተወዳደረባቸው ቦታዎች ያገኘው ድምፅ በአማካይ 1.3 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ሙዚቃ አደረገው ማለት ግን ታሪክን ማሳነስ ይሆናል። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ማርጋሬት ታቸር በጃንዋሪ 1978 በቴሌቪዥን ስለ ስደተኞች መብዛት ያሳዩት ጥብቅ አቋም ከናሽናል ፍሮንት ብዙ መራጭ እንደወሰደ ይታመናል። ሙዚቃው የሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ በዚያ ዘመን ዘረኛ መሆን ለአንድ ትውልድ ወጣት የሚያሳፍር ነገር ሆነ። በ1979 ኮቨንትሪ ላይ ጄሪ ዳመርስ የመሠረተው «ቱ ቶን» የተባለው አሳታሚ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች በአንድ ባንድ የሚጫወቱበትን መንገድ የተለመደ አደረገው። የሮክ አጌንስት ሬሲዝም የመጨረሻው ታላቅ ካርኒቫል በጁላይ 1981 በሊድስ ከተማ ሲደረግ ዋናው ባንድ የዳመርስ «ዘ ስፔሻልስ» ነበር።

ወደ ዛሬ ሲመጣ ቦታው ይለወጣል እንጂ ሥራው አይለወጥም። በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን ጃሜል የምትባል፣ አክራሪ ቀኞች የበዙባት ትንሽ መንደር አለች። በዚያ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ በግቢያቸው የሮክ ሙዚቃ በዓል ያዘጋጃሉ። በኦገስት 2015 ጎተራቸው በእሳት ጋየ። በዚያው ወር በተደረገው በዓል «ዲ ቶተን ሆዘን» የተባለው ስመ ጥር ባንድ መጥቶ ተጫወተ፤ በዓሉም ቀጠለ።

ለሥራው ራሱ ጥቂት ነገር ቢባል ይበቃል። ለበር የሚመደብ በጎ ፈቃደኛ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቁም፤ ጥንዱም ቢቻል ከተለያየ ወገን ይሁን፤ የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነውና። ከበጥባጭ ጋር ክርክር አይያዝ፤ አስተባባሪ ይጥራ። የድንገተኛ መውጫዎችን አስቀድሞ በእግሩ ይዙራቸው። የተሰበሰበ ገንዘብ ሁለት ሰው ሆኖ ይቁጠረው። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ይወቅ፤ ጥቃት ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ከኮንሰርት በኋላ ያለው ጨለማ መንገድ ነው። የመጡትን ሰዎች ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከበሩ አይጥፋ፤ በአውሮፓ ከተሞች አማርኛና ትግርኛ የሚችል አስተናባሪ አንዲት ቃል ብቻ ተናግሮ ለሚያመነታ ስደተኛ በሩን ሊከፍትለት ይችላል።

አንድ ልማድ ግን መታረም አለበት። በእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች አፍሪካውያን ማኅበረሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ምግብ እንዲያመጡ ነው። እንጀራውና ቡናው ይምጣ፤ ክብር ነው። ነገር ግን ማን ይግባ፣ ማን ይጠበቅ፣ ማን ይናገር የሚለው ውሳኔ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ኢትዮጵያውያኑ ከምድጃው ጀርባ ከቀሩ፣ ያ ዝግጅት የተቃወመውን ነገር በራሱ ግቢ አስገብቷል። ስለዚህ ለዚህ አዳራሽ ወጣቶች የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በምትኖሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲደረግ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ የት መመደብ ትፈልጋላችሁ ስትባሉም በሩ ላይ በሉ።